ለብርድ የቆመች መኪና

ኦስሎ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለብሩክታዊት እንዳሻው፤

ከአባይ ማዶ ያላችሁ ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? አዲሱን ዘመን አምላክ የምሕረት ያድርግላችሁ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና መሆን ማለት ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

እናንተ ጋ ስልኩ ከጠፋ ወዲህ ያለችን አክስታችን አሰለፈች ብቻ ናት። እኔ በስልክ ጽፌ አዲስ አበባ እልክላታለሁ፤ እሷ አሳትማ ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ ስታገኝ ትሰጠዋለች። መቼ እንደሚደርስሽ እግዜር ይወቅ።

ብሩኬ፣ ወንድምሽን ተረፈን ከቀበርን ወር አለፈ። በዚያች ኔትወርክ ብቅ ባለችባት ቀን አክስታችን ሞቱን ብቻ ነግራሽ እንደተቋረጠ ሰምቻለሁ። የቀረውን እኔ ልንገርሽ። ከሥራ ሲመለስ ሄልስፊር አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ስደርስ አልቆ ነበር። ሬሳው ወደ አገሩ ይሂድ ተብሎ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ዝግ ነው። አባቱ ደጅ ሳይደርስ ማን እጅ ላይ እንጣለው? እዚሁ ቀበርነው። የቤተ ክርስቲያኑ አባቶችም “መንገድ ሲከፈት አንድ ሰው በአካል ሄዶ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ለአባቱ መርዶውን ይንገር፤ እስከዚያ እንዳይሰሙ” አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ለሽማግሌ የልጁ ሞት በወረቀት አይነገርም። አንቺም አንድ ቤት ውስጥ ከእሳቸው ጋር እየዋልሽ እያደርሽ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ያዢው። ከባድ ነገር እንደጠየቅኩሽ አውቃለሁ።

ሌላው የመኪናዋ ነገር ነው። ተሬ አምና የገዛት ቡቢል አለች። ቡቢል እዚህ ቤት የተጫነባት መኪና ናት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ቧንቧ ያላት፣ በናፍጣ የምትሄድ። አባታችሁን ጋሼን አምጥቶ ፀሐይ እስከማይጠልቅበት ሰሜን ድረስ ሊወስዳቸው ነበር። “አባባ ዕድሜውን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ የተኛ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ እግሩን ዘርግቶ ይሂድ” ይል ነበር። አሁን ብሪን የሚባል ሰፈር፣ እሱ ሜካኒክ ከነበረበት ጋራዥ ጀርባ ቆማለች። ካሌብ የሚባል የሥራ ጓደኛው “ብርዱ ሳይገባ ካላዘጋጀናት ውሃው ረግቶ ቧንቧውን ሁሉ ያፈነዳዋል” አለኝ። እኔ ከመኪና የማውቀው በር መክፈትና መዝጋት ነው።

ለጋሼ የምታነቢላቸው ከዚህ በታች ያለውን ብቻ ነው።

*ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ተረፈ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት “አንቺ ጻፊላቸው” ብሎኝ ነው። መኪናዋን ለብርድ ሊያቆማት ነው፤ ፋሲካ እስኪያልፍ አትነሳም። “አባባ ናፍጣ መኪና ላይ ያረጀ ሰው ነው፣ እሱ እንዳለኝ አደርጋለሁ” ብሏል። ምን ምን ያድርግ?*

“እሱ እንዳለኝ አደርጋለሁ” የምትለዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።

አንቺን ከማሰብ የማታርፍ እህትሽ፣
እየሩሳሌም

*

ደጀን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እየሩሳሌም፤

የላክሽው በእህል ጫኝ እጅ ደረሰኝ። በሰው አገር ብቻሽን ቆመሻልና እመብርሃን ከጎንሽ አትለይ። እኛ አለን። ትምህርት ቤቱ ስላልተከፈተ ቤት ነው የምውለው፤ ለእኔ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ሥራ ቢኖር እንኳ ፊቴን የማዞርበት ሰሌዳ አላጣም ነበር።

ለአባባ አነበብኩላቸው። እንደምታውቂው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኝ እጃቸውም አባይ በረሃ ላይ ጭነቱ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ አይጨብጥም። ስለዚህ ማንበቡም መጻፉም የእኔ ነው። እኔም ለሞተ ሰው “ልጄ ሆይ” እያሉኝ እጽፋለሁ። እንዲህ አሉ፦

*“ተረፈ ልጄ፣ ናፍጣውን እስከ አፉ ሙላ። ታንክ ጎደሎ ካደረ ውስጡን ያልበዋል፤ ላቡ ውሃ ነው፤ ውሃ የናፍጣ ጠላት ነው። አሮጌ ዘይት በሆዷ ይዛ አትክረም፣ ቀይርላትና ትንሽ ነድተህ አቁማት። የእጅ ፍሬን እንዳትስብ፣ ይጣበቃል፤ ማርሽ አስገባና ጎማዋ ሥር ታኮ አድርግ። የራዲያተሯን ውሃ ድፋው። ባትሪውን ስትፈታ ከኔጌቲቩ ጀምር። አትቸኩል።”*

ቆይተው “ይህን እሱ ነው የጠየቀኝ?” አሉ። “አዎ” አልኩ። “እሺ” አሉና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ሄደው የቆሙትን ሾፌሮች “መንገዱ ተከፈተ ወይ?” ሳይሉ አይገቡም። የትም የማይሄዱ ሰው በዚህ መንገድ ምን እንዳላቸው አላውቅም።

እየሩስ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትፍረጂብኝ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የታደገ አማት ሞታ ለቅሶ ሄድኩ። ሴትዮዋን ሁለት ጊዜ አይቻት አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ እንደገባሁ ግን ከውስጤ የወጣው ጩኸት የእኔ አልመሰለኝም። ደረቴን መታሁ። “ወንድም ጋሻዬ” አልኩ መሰለኝ። የሟች ልጆች እንኳ እኔን ነበር የሚያባብሉት። አባባ ከወንዶቹ ጋር ውጪ ተቀምጠው ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ምንም አልጠየቁኝም። የገዛ ወንድሜን እርም በሰው ድንኳን አወጣሁ፤ እሱም ቢሆን አልወጣልኝም።

እህትሽ፣
ብሩክታዊት

*

ኦስሎ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሩኬ፤

በደህና ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ይመስል ልመርቅሽ፦ ክፉውን ሁሉ ከደጃችሁ ያርቅ። ከደጃችሁ እንዳልኩት ልብ አድርጊ፤ ቤት ከገባው ጋር ክርክር የለኝም።

አርባውን አወጣን። ምእመናኑ እንደ አቅማቸው አዋጥተው ዝክሩ ተዘከረ። እኔ ግን በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ቢየርቪካ ያሉት መስታወት ቤቶች ውስጥ ሰው ሳይገባ ገብተን ነው የምናጸዳው። አለቃዬን የሐዘን ፈቃድ ስጠይቃት “ምንሽ ነው?” አለችኝ። “የአጎቴ ልጅ” አልኩ። ለአጎት ልጅ ፈቃድ የለም። ወንድሜ እንዳልነበረ በወረቀት የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ጠረጴዛ ስወለውል ነው የማለቅሰው፤ ለነገሩ ውሃውም ሳሙናውም እጄ ላይ አለ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ብሪን እሄዳለሁ። ካሌብ ጴንጤ ነው፣ የእሱ ጉባኤ እስኪያልቅ ትንሽ እጠብቀዋለሁ። መጣንና ሆዷን ሁሉ አራገፍናት፤ የመጠጡን ጋን፣ ማሞቂያውን፣ የሽንት ቤቱን። ቧንቧዎቹን ከፍተን ተውናቸው። አንዱ ቧንቧ ውስጥ የቀረች ኩባያ ውሃ ያን ሁሉ ትሰብራለች ይላል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን አልነግርሽም ብዬ ነበር፤ ልንገርሽ። አዲስ ጋቢ ከነላስቲኩ፣ ለአሮጌ ሰው የሚሆን የሱፍ ካልሲ፣ ያልተከፈተ በርበሬ። የአባትሽን አልጋ አንጥፎ ነው የሞተው። ምድጃው ላይ ተደግፌ እሪ አልኩ፤ ካሌብ ውጪ ቆሞ ጎማ ሲያይ ቆየ።

ለጋሼ እንዲህ በይልኝ።

*ጋሼ፣ እንዳሉት ናፍጣው ሞልቷል። እዚህ የበጋና የክረምት ናፍጣ የተለያየ ነው፤ የበጋው ብርድ ሲነካው እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ስለዚህ የክረምቱ ነው የተቀዳው። ዘይቱም ተቀየረ። የራዲያተሩን ግን አልደፋነውም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሳይሆን የማይረጋ ፈሳሽ ነው፣ ይቆይ ተብሏል። ታኮ ተደርጎላታል። ተረፈ የበሩ ግድግዳ ላይ ሌላ የእጅ መያዣ ጨምሮባታል፤ አምሮባታል። እሱ ደህና ነው፣ ሰላም ይልዎታል።*

“አምሮባታል” የሚለውን ስጽፍ እጄን መቁረጥ አማረኝ።

እየሩስ

*

ደጀን፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እየሩሳሌም፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ተሻጋሪ መኪና ከጠፋ ሰነበተ፤ ይህን የምትይዝልኝ አንዲት በእግሯ የምትወርድ ሴት ናት። ለእሷም ለአንቺም ደህና ቀን ይምጣ።

እየሩስ፣ ፈርቻለሁ። ያንቺን አነበብኩላቸው። የራዲያተሩ ነገር ላይ ሲደርስ ድሮ ቢሆን “ደግሞ ከእኔ ሊበልጡ ነው?” ብለው ይቆጡ ነበር። አሁን “እንግዲህ አገሩ ነው፣ እነሱ ያውቃሉ” ብለው አለፉት። አባባ ተከራክረው መሸነፍ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ታውቂያቸዋለሽ። “መያዣ” የሚለው ላይ ደግሞ “እስኪ ድገሚው” አሉኝ። ደገምኩ።

ከዚያ “ጻፊ” አሉ። እኔም እንደ ልማዴ “ይድረስ ለልጄ ለተረፈ” ብዬ ጀመርኩ። “እሱን ተይው፤ ለእየሩስ ነው” አሉኝ።

*“እየሩስ ልጄ፣ ይህን አንቺ አድርጊው። ፍራሾቹን ከአልጋው አንሺና በጎን አቁሚያቸው፣ አየር ይግባቸው። ቁም ሣጥኖቹን ክፍት ተዪ። የሚበላ ነገር እንዳይቀር፣ አይጥ ሽቦ ትበላለች። ልብሱንም ጫማውንም አውጪ፤ ርጥበት ይጨርሰዋል። አውጥተሽ ለሚለብስ ስጪ። ብርድ ልብሱን ለራስሽ አድርጊው። አንቺም ውጪ ብዙ አትቁሚ፣ የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይገባል ሲሉ እሰማለሁ።”*

“ለሚለብስ ስጪ” ሲሉ መጻፌን አቆምኩ። “ታዲያ እሱ ምን ሊለብስ ነው?” አልኳቸው። “እዚያ አገር ልብስ አይጠፋም” አሉ። ፊታቸውን አየሁት። የሞራው ዓይን ምንም አይናገርም።

ያወቁ ይመስልሻል? ማን ይነግራቸዋል? እኔ አልተናገርኩም። አክስታችን ከአባይ ወዲያ ናት። አሁንም ማታ ማታ መንገዱን ይጠይቃሉ። ሲመለሱ እግራቸው ከባድ ነው፤ ግን “አልተከፈተም” ሲሉኝ ደስ ያላቸው ይመስለኛል። አልገባኝም።

ብሩክታዊት

*

ኦስሎ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩኬ፤

ሰላምታ ከየት ላምጣ? ሰላምን የሚያውቅ አምላክ እሱ ያድርስላችሁ።

በረዶው ጣለ። የእኛ ክረምት ጭቃና ጎርፍ ነው፤ የእዚህ ክረምት ዝም ይላል። ብሪን ስደርስ መኪናዋ ነጭ ለብሳ ቆማለች፤ የለቅሶ ቤት ነጠላ አንገቷ ላይ የጣለች መሰለችኝ። ፍራሾቹን አቆምኩ። ልብሱን አወጣሁ። ጃኬቱን ለአንድ አዲስ ለመጣ ስደተኛ ሰጠሁት። ልጁ ከፊቴ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ጀርባውን አይቼ “ተሬ!” ብዬ ተጣራሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚህ አገር በአውቶቡስ ውስጥ መጮህ ነውር ነው።

የቀረው ባትሪው ብቻ ነው። ካሌብ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ተሬ የጨመረው መያዣ የተበሳበት ቦታ ርጥበት ያስገባል፣ ክረምቱን ሙሉ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ እናውልቀውና ቀዳዳውን እንድፈነው ይላል። “መያዣ ከፋብሪካው አላት እኮ፣ ይህ ትርፍ ነው፤ ፀደይ ሲመጣ የሚገዛት ሰውም ቀዳዳ ሲያይ ዋጋ ይሰብራል” ይላል። ፀደይ ሲመጣ ከግቢው መውጣቷ አይቀርም፤ ባለጋራዡ ከዚያ በላይ አላቆምም ብሏል። ማን ሊነዳት ነው? እኔ?

እኔ እንግዲህ መዋሸት አልቻልኩም። “እሱ ደህና ነው” ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። መንገዱ የሚከፈት አይመስለኝም። አባቶችም ያሉት ለደግ ነበር፤ ግን ደግነቱ አንቺን እየገደለሽ ነው፣ እኔንም እያሳበደኝ። ስለዚህ ለጋሼ የምጽፈው ይህችን ብቻ ነው። ሌላውን አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊው።

*ጋሼ፣ የበሩን መያዣ ላውልቀው ወይስ ይኑር?*

እየሩሳሌም

*

ደጀን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእየሩሳሌም፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል አሁን በግልጽ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ አንቺም መልሰሽ “ያጽናሽ” በይኝ። ለቅሶ ተቀምጠናል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዓርብ ነው። ያቺን አንዲት መስመር አነበብኩላቸው። “ሌላ የለም?” አሉ። “የለም” አልኩ። “እሱ ደህና ነው አይልም?” አሉ። ወረቀቱን አጠፍኩት። “ጎሽ” አሉ። “ደከማት ልጄ።” ከዚያ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ሲነጋ ቀሰቀሱኝ። ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። “ታደገን ጥሪ፤ ሚስቱንም፤ ከላይ ሰፈር ያሉትንም። መርዶ አለኝ” አሉ። የማን ብዬ አልጠየቅኩም። ጎረቤቱ ሲሰበሰብ እኔን መሐል አስቀመጡኝ። በሥርዓቱ፣ መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው፣ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ያዙና “ብሩክታዊት ልጄ፣ ወንድምሽ ተረፈ አርፏል። ከእንግዲህ በሰው ቤት አታልቅሺ፤ ቤትሽ ውስጥ አልቅሺ” አሉ። እየሩስ፣ አባት ለልጁ የልጁን መርዶ ሲነግር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው።

ሰው ሲቀንስ “ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳቸው። “ከመጀመሪያው ደብዳቤ” አሉኝ። “ተረፈ እዚያ አገር ሜካኒክ ነው። መኪና እንዴት እንደሚቆም እኔን አይጠይቀኝም። እዚህ እያለ እንኳ ነዳጅ ሳጣራ ‘አባባ፣ የድሮ ነው’ እያለ ነበር የሚስቅብኝ። ‘አባባ እንዳለኝ አደርጋለሁ’ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አንድ ነገር እንደሆነ ገባኝ። አንቺ የታደገ አማት ላይ ስትጮሂ ደግሞ ምን እንደሆነ አወቅኩ።” ደስ እንዲላቸው ብለሽ የጨመርሻት መስመር ናት የነገረቻቸው። አታልቅሺ፤ ማንኛችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው።

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?” አልኳቸው። “እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዝም አላችሁ። እኔም ዘይት ቀይር፣ ታኮ አድርግ ስል እሱ መኪናው ሥር ተኝቶ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ሥራው ሳያልቅ እንዳይሞትብኝ ነው” አሉ። መንገዱንስ? “መንገዱ ሲከፈት መርዶዬ በመኪና ተሳፍሮ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አልተከፈተም ባሉኝ ቁጥር አንድ ቀን አተረፍኩ” አሉ።

እስካሁን አላለቀሱም። እንግዳው ሲያለቅስ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። እንድጽፍልሽ ያዘዙኝ ይህን ነው፦

*“እየሩስ ልጄ፣ አርባው ወጣለት ወይ? ማን አነጠፈለት፣ ማን አለቀሰለት? አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ። የፋብሪካው መያዣ በየት በኩል ነው? እሱ የጨመረውስ? በቀኝ ነው በግራ? ሳትነግሪኝ እንዳታወልቂው።”*

ብሩክታዊት

*

ኦስሎ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ለእንዳሻው እና ለእህቴ ለብሩክታዊት፤

ያጽናችሁ። ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለታችሁም በአንድ ወረቀት እጽፋለሁ።

ጋሼ፣ አርባው ወጥቷል። እኔ አለቀስኩለት። ሴቶቹ አለቀሱለት። ካሌብ ሃይማኖቱ ባይሆንም መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር። ይህን ልደብቅዎ የተስማማሁት እኔም ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ባትሪውን ልናወጣ ሄድን። እንዳሉት ከኔጌቲቩ ጀመርን። ስትጠፋ አንዲት መብራት በሯ አጠገብ ትበራ ነበር፣ እሷም ጠፋች። ባትሪውን ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ፤ አልጋዬ ሥር ነው፣ ብርድ እንዳይነካው። ውሃው የለም፣ ናፍጣው ሙሉ ነው፣ ዘይቱ አዲስ ነው፣ ቧንቧው ክፍት ነው። እርስዎ ካሉት ያላደረግነው የራዲያተሩን ብቻ ነው።

ከመዝጋቴ በፊት የጠየቁኝን ለማየት በሩ ጋ ቆምኩ። የፋብሪካው በቀኝ በኩል ነው። ተሬ የጨመረው በግራ ነው፣ ጋሼ። ብረቱ በብርድ እጅ እንዳይልጥ ገመድ ጠምጥሞበታል። በቀኝ እጁ የማይጨብጥ ሰው በግራው ይዞ፣ ግራ እግሩን አስቀድሞ እንዲወጣ አድርጎ ነው የሠራው። ያን ሁሉ እሑድ አጠገቡ ስገባ ስወጣ ለማን እንደሆነ አልገባኝም። ካሌብ “ትርፍ ነው” ሲል እኔም እሺ ልል ነበር። በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱ ገና አዲስ ነው፤ ማንም ጨብጦት አያውቅም።

አላወለቅኩትም። የተበሳበትን ዙሪያውን በማስቲሽ ደፈንነው። ትበስብስ ከተባለም ትበስብስ። ከዚያ በሩን ቆለፍኩ።

ልጅዎ፣
እየሩሳሌም

*

ደጀን፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እየሩሳሌም፤

ጥምቀት አለፈ፤ ለዓመቱ ያድርሰን ይባላልና እኔም አልኩ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አነበብኩላቸው። “በግራ ነው” የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ከመደቡ ተነሱ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በራችን ጋ ሄደው ግራ እጃቸውን መቃኑ ላይ ጫኑ። ግራ እግራቸውን አንስተው መድረኩ ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ልደግፋቸው ብጠጋ “ተይኝ፣ ይዞኛል” አሉ። እንዲያ እንደቆሙ ብዙ ቆዩ። እኔም የቀረውን ደብዳቤ ለብቻዬ አነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ አስፋልቱ ዳር አይወጡም። ምግብ ሳቀርብ ይጎርሱልኛል፣ ስናገር ይሰሙኛል፤ ይኸው ነው። ስለ መኪናዋም አልጠየቁም። ፀደይ ሲመጣ እንደሚሆን አድርጊያት። እኛ የምንልሽ የለንም።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ጡሩምባ እየነፉ ከአባይ በኩል ወጡ። ሰፈሩ እልል አለ። አባባ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። “ሰሙ አባባ? መንገዱ ተከፈተ እኮ” አልኳቸው።

“ለማን?” አሉኝ።

እህትሽ፣
ብሩክታዊት እንዳሻው